ጠላና ቢራ በጠርሙስ ሲታሸጉ፦ ኦክሲጅን በየት በኩል ይገባል?

በቤት ተጠምቆ መብላላቱን የጨረሰ መጠጥ ከአንድ ጋን ተቀድቶ በሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ተሞላ እንበል። የመጀመሪያው ጠርሙስ በጣሳ ከላይ እየተንቆረቆረ፣ እየተንቦጫረቀና እያረፋ እስከ አንገቱ ሥር ብቻ ተሞልቶ ተከደነ። ሁለተኛው ግን ጫፉ የጠርሙሱን ወለል በሚነካ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ያለ አንዳች መንቦጫረቅ፣ ከአፉ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተሞልቶ ታሸገ። ገብሱም፣ ብቅሉም፣ የጠማቂዋም እጅ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱ ሲከፈቱ የመጀመሪያው መልኩ ጠቆር ብሎ፣ እርጥብ ካርቶን ወይም የቆየ ማር የሚመስል ሽታ ይዞ ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን የቀድሞ ጣዕሙን አልለቀቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ነው።

ይህ ኦክሲጅን ከመጠጡ ጋር የሚያደርገው ኬሚካዊ ጣጣ እጅግ የተወሳሰበ ሲሆን እስካሁንም ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ወደ ጠርሙሱ የሚገባበት መንገድ ግን ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚያውቋቸው የጋዝ ሕጎች ብዙም አያልፍም። ስለሆነም ከመንገዱ እንጀምር።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንያዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆንዋ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሙቀቱ መጠን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር በውስጡ 210 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 ባወጣው ሕግ መሠረት በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያ ጋዝ ከፊል ግፊት ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። ይህን በሥራ ላይ ስናውል፣ በባሕር ወለል አንድ ሊትር ውሃ ከአየር ጋር እስኪጠግብ ቢናጥ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲያሟሟ፣ በአዲስ አበባ የሚያሟሟው ወደ 7 ሚሊ ግራም ነው። ከፍታ ሯጮችን እንደሚያስጨንቅ ሁሉ ለጠማቂ ጥቂት ዕፎይታ ይሰጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሯቸው፤ 210 እና 7። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በአንድ ሊትር ፈሳሽ ሊሟሟ ከሚችለው 30 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ከላይ በጣሳ የተሞላው ጠርሙስ አንገት ላይ 25 ሚሊ ሊትር ብቻ አየር ቢቀር፣ ያ ጥቂት አየር 5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይዟል። ከሥሩ ያለው ግማሽ ሊትር መጠጥ በመንቦጫረቅ ሙሉ በሙሉ በአየር ቢጠግብ እንኳ የሚይዘው 3 ሚሊ ግራም ተኩል ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለሚታየው ፈሳሽ ሲሆን ትልቁ የኦክሲጅን ጎተራ ግን ባዶ የሚመስለው አንገት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 9 ሚሊ ግራም ይደርሳሉ፤ ለአንድ ሊትር ሲሰላ 17 ሚሊ ግራም ያህል መሆኑ ነው። ዘመናዊ የቢራ ፋብሪካዎች በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የሚገኘው ጠቅላላ ኦክሲጅን በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይጥራሉ። የኛ ጠርሙስ ከዚህ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ታዲያ መጠጡ በጋን ውስጥ ሳለ ገና ያልጠገበው ለምንድን ነው? ከላዩ አየር አልነበረምን? መልሱ በእርጋታው ላይ ነው። በጋዝም ሆነ በፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተጋጩ በዘፈቀደ ይንከራተታሉ። ይህን የመሰለውን ስርጭት ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 በሂሳብ ቀመር አስቀምጦታል። ከቀመሩ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ለመንገዱ የሚያስፈልገው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር የሚያድግ መሆኑን ነው፤ ርቀቱ አሥር ጊዜ ቢረዝም ጊዜው መቶ ጊዜ ይረዝማል። በአዲስ አበባ አየር ግፊት ኦክሲጅን በጋዝ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 4 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ያንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ፍጹም ረግቶ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ለመጓዝ ግን አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። ልዩነቱ አሥር ሺህ እጥፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ በጋን ውስጥ ያለ ፈሳሽ ፍጹም አይረጋም፤ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ቀስ በቀስ ያገላብጠዋል። ቢሆንም የረጋ ፈሳሽ ራሱን በራሱ የሚከላከል ግድግዳ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። መንቦጫረቅ ይህን ግድግዳ ይንደዋል። በፈሳሽ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ለማለፍ ኦክሲጅን 4 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ለሆነ ስስ ሽፋን ግን 2 ሴኮንድ ተኩል ይበቃል። ከጣሳ የሚወርደው መጠጥ ወደ ጠብታ፣ ወደ ስስ ቅጠልና ወደ አረፋ ሲበታተን በወር የሚገባው በሴኮንዶች ይገባል።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልጉ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ‹‹ሰማያዊው ጠርሙስ›› የሚባለውን ሙከራ ከመምህራቸው ጋር ሊሠሩት ይችላሉ። በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 8 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና 10 ግራም ግሉኮስ አሟሙቶ ጥቂት ጠብታ የሜቲሊን ብሉ ቀለም መጨመር ነው። ጠርሙሱ ተከድኖ ሲቀመጥ ፈሳሹ ቀለሙን ያጣል፤ ሲናጥ ወዲያው ይሰማያዊና እንደገና ይጠራል። ቀለሙን የሚመልሰው ከጠርሙሱ አንገት የሚወስደው ኦክሲጅን ነው። ሳይነቀነቅ ሲቆይ ከላይ ብቻ የሚታየውን ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ኦክሲጅን በረጋ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚንቀረፈፍ ከማንኛውም ቀመር ይልቅ ያስረዳል። ፈሳሹ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል በመሆኑ መነጽርና ጓንት የግድ ያስፈልጋል።

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ጊዜ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ የላቦራቶሪ ባልደረቦች ነበሩኝ። በመካከላቸው ጸንቶ የኖረ አንድ እምነት ነበር፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በመጠጡ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አየርን ያግዳል የሚል ነው። ክብደቱ እውነት ነው፤ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል። ብርድ ልብስነቱ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ከአንድ ቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ይኖር በነበረበት ወቅት፣ በሚብላላው ቢራ ላይ አንድ ጫማ ገደማ ጥልቀት ያለው ጋዝ ተኝቶ እንደሚገኝና የበራ እንጨት ሲገባበት እንደሚጠፋ ተመልክቷል። ፕሪስትሊ ያየው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያየው በሚብላላ ቢራ ላይ ነው። እርሾው ያለማቋረጥ አዲስ ጋዝ እያመነጨ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ወደ ውስጥ የሚሰርገው አየር ይታጠባል። መብላላቱ ሲቆም ግን ምንጩ ይደርቃል፤ በዚያን ጊዜ ከላይ ያሰላነው 4 ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ከባድና ቀላል ጋዞች እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው አይኖሩም፤ ይቀላቀላሉ። አባቶችና እናቶች የድፍድፉን ጋን አፍ በጭቃ የሚመርጉት ጋዙን በክብደቱ ከመተማመን እጅግ የተሻለ ዘዴ ነው።

ይኸው ፕሪስትሊ ከሰባት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1774 ኦክሲጅንን ለይቶ ያወጣ ሰው መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። ለጋዙ ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ላቮዚየ ሲሆን ቃሉ በግሪክኛ ‹‹አሲድ ወላጅ›› ማለት ነው። ላቮዚየ አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን አለበት ማለቱ ስሕተት ነበር፤ ወደ ኮምጣጣ ጠላ ስንመጣ ግን ስሙ ያለ ቦታው አልገባም።

አሁን ወደ ውስጥ የገባው ኦክሲጅን የሚያደርገውን እንመልከት። ኦክሲጅን በተራው ሁኔታ ከምንገምተው በላይ ሰነፍ ነው፤ አልኮልን በቀጥታ አያጠቃም። የሚቀሰቅሱት በመጠጡ ውስጥ በእጅግ አነስተኛ መጠን የሚገኙት የብረትና የመዳብ አዮኖች ናቸው። ኤሌክትሮን እያቀበሉት በየደረጃው ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከዚያም ያገኘውን ሁሉ ወደሚያጠቃው ሃይድሮክሲል ራዲካል ያደርሱታል። ይህ ራዲካል አልኮሉን ሲያገኘው አሴታልዴሃይድን ያስከትላል፤ የጌሾና የሆፕ መራራነት ይደክማል፤ መልኩ ይጠቁራል። የእርጥብ ካርቶኑ ሽታ ዋና ተጠያቂ ትራንስ ሁለት ኖነናል የተባለ ውህድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1970 ታውቋል። የሰው አፍንጫ ይህን ውህድ አንድ ሚሊ ግራሙ በ10,000 ሊትር ቢራ ውስጥ ተበትኖ እንኳ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ግን ብዙው ክፍል ብቅሉ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ከተፈጠሩ ነገሮች ቀስ እያለ እንደሚለቀቅ ስላሳዩ ጥፋቱን ሁሉ በጠርሙሱ አየር ላይ መጫን አይገባም። የእነዚህ ሁሉ አጸግብሮቶች ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። በ30 ዲግሪ በአንድ ሳምንት የሚበላሸው በ10 ዲግሪ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል።

ለቤት ጠማቂ አንድ መልካም ወዳጅ አለው፤ እርሱም እርሾው ነው። ፋብሪካ እርሾውን አጣርቶ ያወጣዋል፤ በቤት የታሸገው ጠርሙስ ግን ሕያው እርሾ ይዞ ስለሚታሸግ የሟሟውን ኦክሲጅን እየተሻማ ይጠቀምበታል። በጥንስሱ ቀን ኦክሲጅን ለእርሾው መባዛት የሚጠቅም መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ያው ጋዝ በመጀመሪያው ቀን ሲሳይ፣ በመጨረሻው ቀን ጠላት ነው። ነገር ግን እርሾው ከጠርሙሱ ሥር ዘቅጦ፣ ኦክሲጅኑ አንገት ላይ ተቀምጦ ከሆነ በመካከላቸው ያ የአንድ ወር መንገድ አለ።

የሚኮመጥጠውስ? እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ሚዛን ብዙ ነገር ይገልጣል። የኮምጣጤ ባክቴርያ አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጠው በኦክሲጅን ነው፤ ሉዊ ፓስተርም በ1860ዎቹ በኮምጣጤ ላይ ባደረገው ጥናት ይህን አረጋግጧል። በሞለኪውል ክብደት ሲሰላ 32 ግራም ኦክሲጅን 60 ግራም አሲድ ይሰጣል። በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ ያለው 9 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን እስከ መጨረሻው ቢሟጠጥ የሚወጣው አሲድ 17 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ በግማሽ ሊትር ውስጥ ምላስ አያውቀውም። መጠጡ አንድ በመቶ አሴቲክ አሲድ እንዲኖረው ቢፈለግ ለዚያው ግማሽ ሊትር ወደ 13 ሊትር የአዲስ አበባ አየር ያስፈልጋል። ስለዚህ በሚገባ የታሸገ ጠርሙስ አቼቶ ሊሆን አይችልም። ሆኖ ከተገኘ፣ ወይ ቆርኪው አየር ያስገባል፣ ወይም ከመታሸጉ በፊት ኮምጥጦ ነበር፣ ወይም ደግሞ ጎምዛዛነቱ የመጣው ከሌላ አሲድ ነው። ይህ ሌላው ላክቲክ አሲድ ሲሆን እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፤ ሠሪዎቹ ባክቴርያዎች አየር አይፈልጉም። በጠላ ውስጥ ሁለቱም ወገን ስላለ አየርን መከልከል አንዱን በር ይዘጋል እንጂ ሁለቱንም አይዘጋም። የላክቲኩን በር የሚያጠብቡት ቅዝቃዜና የዕቃ ንጽሕና ናቸው። ሁለቱን በአፍንጫ መለየት ይቻላል፤ አሴቲክ አሲድ አፍንጫን ይነዝራል፣ ላክቲክ አሲድ ግን ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ይህ ሚዛን ጠላ ሸጠው ለሚተዳደሩ ሴቶች ከጠርሙሱ ይልቅ በጋኑ ላይ ይከብዳል። መቶ ሊትር ከሚይዝ ጋን ግማሹ ተሽጦ ካለቀ ከጠላው በላይ 50 ሊትር አየር ይቀመጣል፤ በውስጡም 10 ግራም ተኩል ያህል ኦክሲጅን አለ። ይህ ሁሉ በባክቴርያው ቢሠራበት 20 ግራም አሲድ ይወጣዋል፤ ለቀረው 50 ሊትር በሊትር 0.4 ግራም ሲሆን አሁን ምላስ ያውቀዋል። ጋኑ በተከፈተ ቁጥርም አየሩ ይታደሳል። በሦስተኛው ቀን ደንበኛ ፊቱን የሚያጨፈግግበት ጠላ ብዙ ጊዜ የዚህ ባዶ ቦታ ውጤት ነው። ጠላው ከጉሽነት እንደ ጠራ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ቢቀመጥና አንዱ ሳያልቅ ሌላው ባይከፈት፣ ያለ ምንም መሣሪያ ኪሳራው ይቀንሳል።

በጠርሙስ ለሚያሽግ ሰው ደግሞ አሠራሩ ከላይ ካየነው በቀጥታ ይከተላል። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ በውስጡ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ኦክሲጅን አለው። ከላይ የሚወርድ መጠጥ በዚህ ሁሉ አየር መካከል ያልፋል፤ ከወለሉ በቱቦ የሚወጣ መጠጥ ግን አየሩን እንደ ፒስተን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቱቦው ሲወጣ የሚቀረውን አንገት ባዶ ማድረግ አይቻልም፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ስለሚሰፋ እስከ ከንፈሩ የተሞላ ብርጭቆ ጠርሙስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘዴው ቦታውን በአየር ፈንታ በአረፋ መሙላት ነው። ጠርሙሱን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት በመጠጡ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ሆኖ ይነሣል፤ አረፋው አፉ ላይ ሲደርስ ቆርኪው ይገጠማል። ፋብሪካዎች ይህንኑ በቀጭን የውሃ ጨረር ይሠሩታል። ልብ በሉ፣ የሚፈለገው ከመጠጡ የወጣ አረፋ ነው። በመንቦጫረቅ የተፈጠረ አረፋ በውስጡ አየር ስለያዘ ጉዳቱን ይጨምራል።

ስለ ግፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም። አየርን ለማገድ ተብሎ መብላላቱን ያልጨረሰ ጠላ በብርጭቆ ጠርሙስ አጥብቆ መክደን አደገኛ ነው። በግማሽ ሊትር ውስጥ የቀረ 10 ግራም ስኳር እርሾው ሲጨርሰው የጠርሙሱን ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ያደርሰዋል፤ ይህን ለመሸከም ያልተሠራ ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ስባሪውም ዓይን ያጠፋል። ፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያንስ በእጅ ሲጨበጥ መጠንከሩን ያስታውቃል፤ በዚያን ጊዜ ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ይገባል።

ፕላስቲክን ካነሣን ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። በተለምዶ ‹‹ሃይላንድ›› የምንለው የውሃ ጠርሙስ ጠላ ተሞልቶ ሲጠነክር የውስጡ ግፊት ከውጭው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይበልጣል። ግፊት ከብዙ ወደ ጥቂት ይገፋል ከተባለ የውጭው ኦክሲጅን ይህን ተቋቁሞ እንዴት ይገባል? ነፋስን እያሰብን ከሆነ ጥያቄው ትክክል ነው፤ በቀዳዳ በኩል ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ጋዝ የሚገባውን ጠርጎ ይመልሰው ነበር። በፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ግን ነፋስ የለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል በፕላስቲኩ ውስጥ ሟሙቶ ለየብቻው ይንከራተታል፤ ኦክሲጅን የሚያውቀው የኦክሲጅንን ከፊል ግፊት ብቻ ነው። ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1801 እንዳለው እያንዳንዱ ጋዝ ሌላው እንደሌለ ሆኖ ይሠራል። ከውጭ የኦክሲጅን ከፊል ግፊት 16 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ከውስጥ ዜሮ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ በዚያው ግድግዳ፣ በዚያው ሰዓት ኦክሲጅን ይገባል።

ቢሆንም መጠኑን ማወቅ ተገቢ ነው። በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ግድግዳ በቀን የሚገባው ጥቂት የሚሊ ሊትር መቶኛ ነው፤ በወር አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን 1.3 ሚሊ ግራም ነው። በሳምንት ለሚጠጣ ጠላ ይህ ከአንገቱ አየር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቢጫው ጀሪካን ከሚሠራበት ፕላስቲክ ኦክሲጅን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ቢያልፍም፣ በዚያም ቢሆን ዋናው ጉዳይ የተሞላበት ልክ ነው። ለዘመድ ተብሎ በአምስት ሊትር ጀሪካን ሁለት ሊትር ጠላ ተደርጎ በአውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ከዋለ፣ ከላዩ ባለው ሦስት ሊትር አየር ውስጥ 630 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን አብሮት ተጉዟል፤ ለዚያ ጠላ በሊትር 0.6 ግራም አሲድ ሊሰጥ የሚችል ነው። ለሁለት ሊትር ጠላ ሁለት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ተፈልጎ ከአፉ ጥቂት እስኪቀረው ይሞላ፤ ገና የሚብላላ ከሆነም በየመቆሚያው ክዳኑ ላላ እየተደረገ ይተንፍስ።